የኤፕሪል ውርጭና የክለማቲስ እንቡጥ

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ አብረን እንፈታዋለን። ክለማቲስ የምትባለውን ሐረግ በአብዛኛው የሚጎዳት የብርዱ ብዛት ሳይሆን የሚመጣበት ጊዜ ነው። በጃንዋሪ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ችላ የከረመች ተክል፣ በኤፕሪል መጨረሻ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ በሆነ አንድ ሌሊት የዓመቱን አበባ በሙሉ ልታጣ ትችላለች። ይህ የገባው ሰው በየትኛው ሌሊት ተነሥቶ መሸፈን፣ በየትኛው ሌሊት ደግሞ ለጥ ብሎ መተኛት እንዳለበት ያውቃል።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏት። እንግሊዝ አገር በቤቶች ደጃፍና በግንብ ላይ የምታዩዋት፣ እንደ መዳፍ የሰፋ ሐምራዊ ወይም ነጭ አበባ የምታወጣው ሐረግ እሷ ናት። የምትወጣውም ቅጠሏን ከግንዷ የሚያያይዘውን ቀጭን አንጓ በሽቦና በእንጨት ላይ እየጠመዘዘች ነው። ለእኛም ባዕድ አይደለችም፤ በደጋና በወይና ደጋ በጫካ ዳርና በአጥር ላይ ተንጠልጥላ የምናውቃት አዞ ሐረግ የዚሁ ወገን ናት። አበባዋ ነጭ ነው፤ አበባው ሲረግፍ ዘሮቿ ላባ የመሰለ ጭራ ያወጣሉ። አዞ ሐረግን ለመድኃኒት ሲጠቀሙ ያየ ሰው ጭማቂዋ ቆዳ እንደሚያቃጥልም ያውቃል። የአውሮፓዎቹም ጠባይ ያው ነው፤ ስትገርዟቸው ጓንት አድርጉ።

አሁን ወደ ብርዱ። ውኃ ሲቀዘቅዝ የተክሉን ሕዋስ ከውስጥ ያፈነዳዋል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። እውነቱ ግን ከዚህ የበለጠ ይገርማል። በረዶ መጀመሪያ የሚሠራው በሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ያ በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ ወደ ውጭ ይስባል፤ ሕዋሱም እየደረቀ፣ እየተጨማደደ ይሄዳል፤ ውስጡን የሚጠብቀው ስስ ሽፋንም በመጨረሻ ይቀደዳል። በሌላ አነጋገር ውርጭ በአብዛኛው የሚገድለው በማድረቅ ነው። በማግስቱ ጠዋት ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን ሆኖ የምታገኙት፣ ሕዋሱ ያፈሰሰውን ውኃ መልሶ መያዝ ስላልቻለ ነው።

ተክሉ ግን ዝም ብሎ አይጠብቅም። በመጸው ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዝ በሕዋሱ ውስጥ ስኳር ያከማቻል፣ ውኃውን ይቀንሳል፣ ሽፋኑን ያጠናክራል። ይህ ዝግጅት ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ቀስ እያለ የመጣ ክረምት ተክሉን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ችግሩ ጸደይ ላይ ነው፤ ሙቀት ሲሰማው ያንን ሁሉ ትጥቅ በጥቂት ቀናት ይፈታል። ከእንቡጡ የወጣው ለጋ ቅጠል በውኃ የተሞላ፣ ስኳር ያላከማቸ፣ ምንም መከላከያ ያላበጀ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ የ2017ን ማርች ታስታውሱ ይሆናል። ፌብሩዋሪው ከልክ በላይ ሞቆ የወንዙ ዳር የቼሪ ዛፎች ቀድመው እንቡጥ አወጡ። በማርች አጋማሽ ብርዱ ተመለሰና ከእነዚያ ዝነኛ አበቦች ግማሽ ያህሉ ተቃጠሉ። ያው ብርድ በጃንዋሪ ቢመጣ ኖሮ ዛፎቹ ልብም አይሉትም ነበር። ክለማቲስ ከቼሪም ትብሳለች፤ ገና የካቲት ሳይጋመስ ጥቂት ሞቃት ቀናት ካገኘች እንቡጧ ማበጥ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ንጹሕ ውኃ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ወዲያው በረዶ አይሆንም፤ የበረዶው ቅንጣት የሚጀምርበት አንድ መነሻ ይፈልጋል። በቅጠል ላይ የሚኖር ሲዩዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባል ባክቴሪያ ይህን መነሻ የሚሆን ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ያለበት ቅጠል ከሌለበት ቀድሞ በውርጭ ይመታል። በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳይንቲስቶች ይህ ፕሮቲን የተወሰደበትን ባክቴሪያ በስትሮቤሪ ማሳ ላይ ረጭተው ሞክረዋል። በዘረመል ምህንድስና የተቀየረ ባክቴሪያ በፈቃድ ወደ ሜዳ ሲለቀቅ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ክርክሩም ከስትሮቤሪው በልጦ ነበር የተሰማው። ለጓሯችሁ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ግን ውርጭ ሕያው ተባባሪ እንዳለው ማወቅ አይገርማችሁም?

ታዲያ ውርጭ የሚጥልበትን ሌሊት እንዴት ትለዩታላችሁ? ይህን ከአገር ቤት ታውቁታላችሁ። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳትታይ ሌሊቱ ግን ያን ያህል አያንዘፈዝፍም፤ በጥቅምት ቀኑ ጠራርጎ ሞቆ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ምክንያቱ ደመናው ነው። ምድር ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ያንን ሙቀት ይመልስላታል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ ሽቅብ እንደወጣ ይቀራል። ነፋስ ካለም የላይኛው ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ የሚያስፈራው ከዋክብቱ ጥርት ብለው የሚታዩበትና ቅጠል የማይንቀሳቀስበት ሌሊት ነው። የደብረ ብርሃን ሰው በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያይ ጠዋት አመዳይ እንደሚያገኝ የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ለንደንም ሆነ ስቶክሆልም ሕጉ ያው ነው።

ከዚህ አንድ በጣም ጠቃሚ ነገር ይከተላል። የአየር ትንበያ የሚነግራችሁ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ፣ በጥላ ውስጥ የተለካውን ነው። ሰማይን በቀጥታ የሚያየው ቅጠል ግን ከዚያ አየር በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስልካችሁ «3 ዲግሪ» ብሎ፣ ሰማዩም ጠርቶ ነፋሱም ከቆመ፣ ለክለማቲስ እንቡጥ ያ ሌሊት የውርጭ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ቁልቁል ይፈስስና አጥር ወይም ግንብ ሲገጥመው እዚያው ይታቆራል። የደጋ ገበሬ ረባዳው ማሳ በውርጭ ሲመታ ተዳፋቱ እንደሚተርፍ ያውቃል። በትንሽ ጓሮ ውስጥ እንኳ በሁለት ማዕዘኖች መካከል የሁለት ዲግሪ ልዩነት ልታገኙ ትችላላችሁ።

የመሸፈኛው ነገር ከዚህ ይነሣል። የአትክልት ሱቆች «ፍሊስ» እያሉ የሚሸጡት ነጭ፣ ስስ፣ ያልተሸመነ ጨርቅ አለ። በካሬ ሜትር 17 ግራም የሚመዝነው ሁለት ዲግሪ ያህል ያተርፋል፤ 30 ግራሙ ከዚያ ይሻላል፤ ካጣችሁ አሮጌ አንሶላም ይሠራል። ግን ልብ በሉ፤ ጨርቁ ራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት ነው የሚይዘው። ስለዚህ እስከ መሬት ድረስ መውረድና ዳር ዳሩን በድንጋይ መያዝ አለበት። ብዙ ሰው ጨርቁን ከላይ ጠቅልሎ ከታች ግንዱ ላይ በገመድ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። እንዲህ ከሆነ የአፈሩ ሙቀት ውጭ ቀረ ማለት ነው፤ ልፋቱም ከንቱ ነው። የምታለብሱት ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈሩ ገና ሙቀቱን ይዞ ሳለ ሲሆን፣ የምታነሡት ደግሞ ጠዋት አየሩ ከዜሮ በላይ ሲወጣ ነው። ፕላስቲክ ግን ተዉት። ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያስተላልፋል፣ ከውስጥ ያልበዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይቀቅለዋል።

ስለ አፈሩ ካነሣን አይቀር እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስል ነገር ልንገራችሁ። በክረምት ሥሩን ለመጠበቅ ጉዝጓዝ ማልበስ ግድ ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የበሰበሰ ቅጠል ወይም የዛፍ ቅርፊት፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ተደርጎ። ነገር ግን ያ ጉዝጓዝ የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ በጸደይ ውርጭ ሌሊት ከላይ ያለው ለጋ ቡቃያ ያንን ሙቀት አያገኝም። ባዶና እርጥብ አፈር ቀን የወሰደውን ሌሊት ለቅጠሉ ይመልሳል፤ ደረቅ አፈር ግን ሙቀት በደንብ መያዝም ማስተላለፍም አይችልም። ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ጉዝጓዙን አላነሣም፤ ሥሩ ከእንቡጡ ይበልጥብኛል። ግን ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን ከሰዓት በኋላ አፈሩ ደርቆ ከሆነ አጠጣዋለሁ።

እስካሁን ስለ ሁሉም ክለማቲስ አወራሁ። ግን «ደካማ» የሚባሉት ሁሉ ደካማነታቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ የምትገዙት የትኛዋን እንደሆነ ማወቁ ከግማሽ በላይ ሥራውን ያቀልላችኋል።

ክለማቲስ አርማንዲ ከቻይና የመጣች፣ ቅጠሏ የማይረግፍ ናት። እንግሊዛዊው ተክል ፈላጊ ኧርነስት ዊልሰን በ1900 ወደ ብሪታንያ አስገባት። በማርችና በኤፕሪል ጠረኗ የሚጣፍጥ ነጭ አበባ ታወጣለች። የእሷ ጠላት ነፋስ ነው። ከቅጠሏ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይተናል፤ መሬቱ በረዶ ከሆነ ደግሞ ሥሩ ምንም መሳብ አይችልም። ቅጠሏ ዳር ዳሩ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ከሆነ ውርጭ መታት ከማለታችሁ በፊት ጠማት ወይ በሉ። የጠዋት ፀሐይ የሚመታው የምሥራቅ ግንብ ለእሷ ክፉ ቦታ ነው፤ ሥሩና ግንዱ ገና በበረዶ ተይዘው ሳለ ቅጠሉን እያሞቀ ያስተንነዋል። ፊቱን ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ ያዞረ፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት የሚመልስ ግንብ ፈልጉላት።

ክለማቲስ ሲሮዛ የሜድትራንያን ልጅ ናት። እስራኤል ያላችሁ በቀርሜሎስና በገሊላ ተራሮች ቁጥቋጦ ላይ በክረምት መካከል የምታብበውን ክሬም ቀለም ደወል አይታችሁ ይሆናል፤ እሷ ናት። ነገረ ሥራዋ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ በበጋ ቅጠሏን አርግፋ ትተኛለች፣ በመጸው ትነቃለች፣ ሌላው ሁሉ ባንቀላፋበት ሰዓት ታብባለች። በበጋ ደርቃ ስታዩዋት ሞታለች ብላችሁ እንዳትነቅሏት! ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ያለ ብርድ ትችላለች፤ እርጥበትና ብርድ ሲደረብ ግን አትችልም። ሸክላ አፈር ላይ ውኃ ተኝቶባት ከከረመች ብርዱ ቀላል ቢሆንም ትበሰብሳለች። ስትተክሉ ጠጠርና አሸዋ ደባልቁ፤ ለእሷ ከጨርቅ ይልቅ የውኃ መውረጃ ይበጃታል።

ነጭ አበባዋ መካከሉ ላይ ሐምራዊ ጥልፍ የተጠለፈበት የሚመስለው ክለማቲስ ፍሎሪዳም እርጥብ ክረምት አይስማማትም፤ በማሰሮ ተክሎ ክረምቱን እሳት በሌለበት ጋራዥ ውስጥ ማሳለፍ ይሻላል። የኒው ዚላንዶቹም እንዲሁ።

ሌላው ወገን በሥሯ ጠንካራ፣ በአበባዋ ደካማ የሆነችው ናት። በሜይና በጁን የሚያብቡት ባለ ትልቅ አበባዎቹ የሚያብቡት ባለፈው ዓመት በወጣ ግንድ ላይ ነው፤ ሮዝ አበባ የምታዘንበው ሞንታናም እንዲሁ። ተክሉ ፈጽሞ አይሞትም፤ ግን የኤፕሪል ውርጭ እንቡጡን ከመታው ያ ዓመት አለፈ። አንዳንዴ ደግሞ እንቡጡ ይተርፍና አበባው አረንጓዴ ሆኖ ይፈነዳል። ሰዎች በሽታ ነው ብለው ይደነግጣሉ። ክለማቲስ ሌሎች አበቦች ያላቸው የውስጥ የአበባ ቅጠል የላትም፤ እንቡጡን ይሸፍን የነበረው አረንጓዴ ልባስ ራሱ ቀለም ለብሶ አበባ ይሆናል። ጸደዩ ከቀዘቀዘና ብርሃኑ ካነሰ ቀለሙ ሳይሞላ ይከፈታል። ኋላ የሚከፈቱት በትክክለኛው ቀለማቸው ይመጣሉ፤ ምንም አታድርጉ።

አሁን ደግሞ ብርድን የናቀችዋን ላሳያችሁ። ዋርሶ ውስጥ ስቴፋን ፍራንቻክ የሚባሉ ኢየሱሳዊ መነኩሴ ነበሩ፤ በ1917 ተወልደው በ2009 ያረፉ። በገዳማቸው አትክልት ስፍራ ለብዙ ዓመታት አዳዲስ የክለማቲስ ዓይነቶችን አዳቀሉ። «ቫርሻቭስካ ኒኬ» የምትባለው ጥቁር ሐምራዊ፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስም የተሰየመችው «ያን ፓቬው ድሩጊ»ም የእሳቸው ናቸው። የፖላንድ ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ እዚያ ችላ የምታብብ ተክል ለብዙዎቻችን ጓሮ ትበቃለች። ቪቲሴላ የሚባለው ወገንም እንዲሁ ነው። ብልሃቷ ቀላል ነው፤ የምታብበው በዚያው ዓመት በወጣ ግንድ ላይ ስለሆነ ክረምቱ ላይዋን ቢገድለውም ግድ የላትም፤ እናንተ ራሳችሁ በፌብሩዋሪ መጨረሻ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ትቆርጧት የለ!

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2023 ያደሰውን የብርድ ካርታ ማየት ይረዳል። ሚኒያፖሊስ ዞን 5 ውስጥ ናት፤ የዓመቱ ብርቱ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። እዚያ ያላችሁ አርማንዲን እርሷት፣ ቪቲሴላ ትከሉ። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ዞን 7 እና 8 ናቸው፤ አርማንዲን በግንብ ጥግ መሞከር ይቻላል። ግን ካርታው የሚነግራችሁ የክረምቱን ጥልቀት ብቻ ነው፤ ስለ ኤፕሪል አንድም ቃል አይናገርም። ስለዚህ ነው ሰው «የእኔ ዞን ይፈቅዳል» ብሎ ገዝቶ አበባ ሳያይ የሚቀረው።

በረዶ ሲጥልስ? ደስ ይበላችሁ። ከግንዱ ሥር የተከመረ ለስላሳ በረዶ አየር የያዘ ስለሆነ ሥሩን ከደረቁ ብርድ ያድነዋል። ከአርማንዲ ቅጠል ላይ ግን ክብደቱ ሳይሰብራት አራግፉላት።

ስትተክሉ በጥልቀት ትከሉ። ትልቅ አበባ ያላቸውን ከነበሩበት ማሰሮ ደረጃ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ቅበሩ። ከአፈር በታች የቀሩት ዓይኖች ውርጭ አይደርስባቸውም፤ ላይዋ ቢቃጠል፣ ወይም ክለማቲስን በድንገት የሚያጠወልገው የፈንገስ በሽታ ቢመታት፣ ከእነሱ አዲስ ግንድ ይወጣል። የማይረግፍ ቅጠል ያላቸውን ግን እንዲህ አትቅበሯቸው፤ ይበሰብሳሉ።

ማሰሮ ውስጥ ያለችው ክለማቲስ የተለየ ጣጣ አላት። የአብዛኛው ተክል ሥር ከግንዱ ይልቅ ብርድ ይፈራል፤ መሬት ውስጥ ከሆነ ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ ነው፣ ማሰሮ ውስጥ ግን በአራቱም ጎን ይገባል። ስለዚህ ጨርቁን ከቅርንጫፉ ቀድማችሁ ለማሰሮው አልብሱ፤ ጆንያ ጠቅልሉበት፣ በጆንያውና በማሰሮው መካከል ደረቅ ቅጠል ጠቅጥቁበት፣ ከሥሩ ጡብ አድርጋችሁ ውኃው እንዲወርድ ከመሬት አንሡት፣ ወደ ቤቱ ግንብ አስጠጉት። ትልቅ ማሰሮ ከትንሽ ማሰሮ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ጋራዥ ካስገባችሁት ደግሞ በወር አንዴ ሁለቴ ጥቂት ውኃ አትከልክሉት፤ በክረምት ጋራዥ ውስጥ የሚሞቱት ብዙዎቹ ብርድ ሳይሆን ጥም ነው የሚገድላቸው።

የቀረው የመጸው ጥንቃቄ ነው። ከኦገስት በኋላ ማዳበሪያ፣ በተለይ ናይትሮጅን የበዛበት፣ አትስጡ፤ መተኛት በሚገባት ሰዓት ለጋ ቅጠል ታወጣለች፣ ያንን የመጀመሪያው ውርጭ ይበላዋል። በመጸው መግረዝም እንዲሁ ዓይኗን ይቀሰቅሳል፤ የክረምቱ ብርታት እስኪያልፍ ጠብቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ጠዋት ጠቁራ ብታገኟትስ? መቀሱን አስቀምጡ። የሞተው ጫፍ በሚቀጥለው ውርጭ ለበታቹ ትንሽ ከለላ ይሆናል፤ ምን ያህሉ እንደሞተም ገና አታውቁም። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ግንዱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ፈልጉ። አረንጓዴው ከሚጀምርበት በታች ካለው የመጀመሪያ ሕያው ዓይን ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ማዳበሪያ በላይ በላይ አትደፉባት፤ የቆሰለ ሥር ያቃጥላል። ከመሬት በላይ ያለው በሙሉ ቢሞት እንኳ እስከ ጁን መጨረሻ ታገሡ። ጁን አልፎ አንድም ነገር ካልወጣ ያን ጊዜ ከዳር ቆፍራችሁ ሥሩን እዩ። ጠንካራና ያልሟሸሸ ሥር ካገኛችሁ መልሳችሁ ቅበሩት፣ በሚቀጥለው ጸደይ የሚነሣም አለ። ጠቁሮ በጣታችሁ መካከል ከሟሸሸ ግን ነቅላችሁ ጣሉ፣ አፈሩን ለውጡና ቪቲሴላ ትከሉበት።